ቤት ቢቃጠል የሚወጡ አልበሞች

ስሚማ የኔ ቆንጆ፣ ይሄን ነገር ላንቺ ካላወራሁ ለማን አወራዋለሁ? ሻይሽን ያዢና አጠገቤ ቁጭ በይ። መሃል ላይ የሚያስቅ ቦታ አለው፣ ስትስቂ እንዳታፍሪ፤ እኔም አሁን አሁን እስቃለሁ። ያኔ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ከፍርሃት ብዛት ጫማዬን አድርጌ ነበር የምተኛው። እውነቴን ነው፣ ከነማሰሪያው።

ማንችስተር አጠገብ፣ ስቶክፖርት እያለን ነው። እማዬ፣ ጃኒን፣ ወደ ገበያው በሚወርደው ደረጃ ላይ ያለው የሞሪን ሙዚቃ ቤት ውስጥ ሻጭ ነበረች። ሞሪን ዘመዳችን አይደለችም፣ እኔ ግን አክስቴ ሞሪን ነበር የምላት። ድምጿ እንደ ወንድ የሻከረ፣ ጆሮዋ ላይ የልብስ መርፌ ቁልፍ የሰካች፣ ሲጋራው ከከንፈሯ ሳይወርድ የምታወራ ሴት ናት። ከትምህርት ቤት ስወጣ ቀጥ ብዬ እዛ ነው። ባንኮኒው ስር የወተት ሳጥን ገልብጠው ሰጥተውኛል፤ እሱ ላይ ቁጭ ብዬ ዳቦ በጃም እበላለሁ፣ ከላይ የሚወራው ወሬ ሁሉ እኔ ላይ ይወርዳል። እርጥብ ካፖርት፣ ካርቶንና ሲጋራ የሚሸት ወሬ።

አንድ ነገር ያዢልኝ፣ ኋላ ይጠቅምሻል። ሞሪን ጋ መደርደሪያው ላይ የምታያቸው የሲዲ ሽፋኖች በሙሉ ባዶ ናቸው። ሲዲዎቹ ከባንኮኒው ጀርባ መሳቢያ ውስጥ፣ በወረቀት ከረጢት ተደርድረዋል። ደንበኛው ባዶውን ሽፋን ይዞ ይመጣል፣ እማዬ መሳቢያውን ከፍታ ሲዲውን ትከትለታለች። «ሌባ ከመጣ ፕላስቲኩን ተሸክሞ ይሂድ፣ ለሻይ ማንኪያ ማስቀመጫ ይሆነዋል» ትላለች አክስቴ ሞሪን።

ደግሞ ጨዋታ ነበራቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው የሚውሉት ልጆች ሁሉ ይጫወቱታል። «ቤትህ እየተቃጠለ ነው። አስር አልበም ብቻ ይዘህ ትወጣለህ። የትኞቹን?» ከዛ በኋላ ጭቅጭቁን አትጠይቂኝ። አንዱ የፓላስ ፒርን የመጀመሪያ አልበም ሲል ሌላው «እሱንማ ተወው፣ እሳቱን ያቀጣጥልልን!» ይለዋል። ያለሱ መኖር አይቻልም የሚባል አልበም በየሳምንቱ ይወጣ ነበር በዛ ጊዜ፤ ጊታር የያዘ ሁሉ ዝነኛ የሆነበት ዘመን ነው።

«እናትህንስ አታወጣም?»

«እናቴ እግር አላት! አልበሙ እግር አለው እንዴ?»

እኔም ከስር ሆኜ እስቃለሁ። ጨዋታ እንደሆነ አውቃለሁ። ለዛ ነው ጨዋታ ያልሆነበትን ቀን ወዲያው የለየሁት፣ ወይም የለየሁ የመሰለኝ።

አባዬስ? አባዬ ግሌን ይባላል። ብስኩት ፋብሪካ የሌሊት ተረኛ ነበር። ጠዋት ሲመጣ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል፣ ኪሱ በስብርባሪ ብስኩት የተሞላ ነው። ከሁለቱ ጨዋታ አዋቂው እሱ ነበር። መንገድ ላይ የማያስቀው ሰው የለም፤ አስተማሪዬ እንኳ እሱን ስታይ ፀጉሯን ትነካካለች። እማዬ ግን ዝምተኛ ናት። ማንኪያ ሲወድቅ ትበረግጋለች። የአባዬ ቁልፍ በሩ ላይ ሲንቀጫቀጭ ቴሌቪዥኑን ትቀንሳለች፣ ትራሱን ታስተካክላለች፣ እኔን ታየኛለች። ኤጭ፣ እንዴት አሰልቺ ናት እል ነበር በልቤ።

በዛ ነሐሴ፣ ታስታውሺ እንደሆነ፣ ሁለት ባንዶች በአንድ ቀን ዘፈን አውጥተው አገሩ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አንደኛው የኛ የሰሜኖቹ፣ ሌላኛው የለንደኖቹ። ዜና ላይ ሁሉ ወጣ እኮ። አባዬ የሰሜኖቹ ነው፤ እማዬ ይባስ ብላ የለንደኖቹን ትወዳለች። ሌላ ቤት ቢሆን መሳቂያ ነው። አንድ ቀን እራት ላይ፣ ባቄላ በተጠበሰ ዳቦ እየበላን፣ አባዬ ተነሳና የእማዬን ሲዲ ከማጫወቻው አወጣ። በሁለት እጁ ይዞ አጎበጠው።

«ይሄ? በኔ ቤት? በማንችስተር አፍንጫ ስር?»

ጎበጠ፣ ጎበጠ፣ ከዛ ቀጭ አለ። ስብርባሪው ባቄላዬ ላይ ሳይቀር ተበተነ፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያብረቀርቃል።

«ቀልድ ነው! ጃኒን፣ ቀልድ እኮ ነው፣ ፊትሽን ባየሽው!» አለ አባዬ።

እኔ በሳቅ ፍርስ አልኩ። እማዬም ፈገግ ብላ ስብርባሪውን አንድ በአንድ በጣቷ ለቀመች። ጣቷ ደማ። ጠባችውና ደግማ ፈገግ አለች። ያንን ፈገግታ አሁን አውቀዋለሁ። የዛን ጊዜ ፎቶዎቻችን ላይ በሙሉ አለ።

ዓርብ የአባዬ ዕረፍት ነው። ዓርብ ምሽት ገና ራት እንደተበላ ሁለት ብስኩት ይሰጠኝና «ልዕልት፣ ወደ ላይ! ትልልቆቹ ሊጨፍሩ ነው» ይለኛል። ከዛ ሙዚቃውን ይለቀዋል። እንዴት አድርጎ! የመኝታ ቤቴ አምፖል ይወዛወዛል፣ ወለሉ ከስር ይንቀጠቀጣል። ዱብ፣ ዱብ፣ ግጭ የሚል ይሰማኛል። እኔም አልጋዬ ላይ ወጥቼ ከነሱ ጋር እዘላለሁ። ታዲያ አንድም ቀን እግሬ ከነሱ እግር ጋር ገጥሞልኝ አያውቅም። ሰው ሲጨፍር በምቱ ነው የሚረግጠው አይደል? የነሱ ግን ከዘፈኑ ጋር ሄዶ አያውቅም። እኔ መዝለል ስለማልችል ነበር የሚመስለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ኮሌታው አገጯ ድረስ የሚደርስ ሹራብ ለብሳ ሥራ ትሄዳለች። በሙቀትም ቢሆን።

አሁን ወደዛ ቀን ልውሰድሽ። ጥቅምት ነው፣ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ የለም፣ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። እኔ ሳጥኔ ላይ ነኝ። አክስቴ ሞሪን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እሷ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ትችላለች እንዴ ብዬ ገረመኝ፣ እንዲህ አለች፦

«ቤትሽ ቢቃጠል የትኞቹን ታወጫለሽ፣ ጃኒን?»

እማዬ አልሳቀችም። «ልጅቷን» አለች።

«እሷንማ አውቃለሁ። ከአልበሞቹ ነው ያልኩሽ። ጥለሻቸው ከሄድሽ አንድም አያስተርፍልሽም።»

«አንድ እጄ ለልጅቷ ነው። በአንድ እጅ ምን ያህል ይያዛል?»

«ለዛ እኮ ነው ከአሁኑ አንድ በአንድ አውጫቸው የምልሽ። ዛሬ አንድ፣ ሌላ ቀን አንድ። ሽፋኑን እዛው መደርደሪያው ላይ ተይው፣ እኛ እዚህ እንደምናደርገው። ዓይኑ ሲያይ ሁሉም በቦታው ነው። ሲዲዎቹን እኔ መሳቢያ ውስጥ አኖርልሻለሁ።»

«ቢያውቅስ?»

«እስኪያውቅ ሁሉም ነገር አልቋል።»

«መቼ ነው የሚሻለው?»

«ሰኞ። የሪንግሮድስ አዲሱ አልበም የሚወጣ ቀን። እሱ ከሥራ ገብቶ ተኝቶ ይሆናል።»

የኔ እህት፣ ዳቦዬን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ባንኮኒው ስር እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቁጭ አልኩ። አስቢው እስቲ፤ ቤት ይቃጠላል፣ ሰኞ፣ አባዬ ተኝቶ እያለ፣ እስኪያውቅ ሁሉም ነገር ያልቃል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ቤታችንን የምታቃጥለው እማዬ ናት። አልበሞቿን ቀድማ እያወጣች ነው።

የባሰው ነገር ደግሞ በዛው ሰሞን የእሳት አደጋ ሰዎች ትምህርት ቤታችን መጥተው ነበር። ድንች የሚጠበስበት ዘይት ሲቀጣጠል ነበልባሉ ጣሪያ ድረስ እንዴት እንደሚደርስ በፊልም አሳይተውናል። ጢሙ የተጠቀለለው ሰውዬ ጣቱን እየቀሰረ «ጭስ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም፤ ጭራሽ የባሰ ነው የሚያስተኛው» አለን። ሌሎቹ ልጆች ባርኔጣውን ለመሞከር ተጋፉ። እኔ ከወንበሬ መነሳት አቃተኝ። አባዬ ሲተኛ እንኳን ጭስ ባቡር አይቀሰቅሰውም።

ቤት እንደገባሁ መደርደሪያው ጋ ሄድኩ። እማዬ ኩሽና ናት። ያቺን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ፀጉሯን ጠቅልላ የቆመችውን ሴትዮ ሽፋን አወጣሁና ከፈትኩት። ባዶ። ውሃ በሌለው መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሙሉ ልብስ ለብሶ የተቀመጠው ሰውዬስ? ባዶ። በበረዶ የተሸፈነው የባሕር ዳርቻ ተሽከርካሪ የፈረስ መጫወቻስ? እሱ እማዬ ልብስ ስትተኩስ ሁሌ የምትሰማው ነው፤ እኔን ስታረግዝ ሬዲዮ ላይ የሰማችው ዘፋኝ ነው ትላለች። እሱም ባዶ። ከጀርባቸው ስታያቸው ግን ሁሉም በስማቸው፣ በቀለማቸው ተሰልፈው ቆመዋል። ሰው የሚመስሉ ግን ውስጣቸው ማንም የሌለ ነገሮች መሃል የቆምኩ መሰለኝ።

ከዛ ቀን በኋላ እኔ የቤቱ እሳት አደጋ ሆንኩ። ክብሪቱን በሙሉ ሰብስቤ ጓሮ አበባው ስር ቀበርኩት። ላይተሮቹን በካልሲ ጠቅልዬ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጀርባ ከተትኳቸው። ሁለቱም አጫሾች ናቸው፤ ቤቱ ተገለባበጠ!

«ጃኒን፣ ላይተሬን በላሽው እንዴ?» ይላል አባዬ።

«የኔም ጠፍቷል ግሌን፣ እውነቴን ነው፣ የኔም ጠፍቷል» ትላለች እማዬ፣ ሁለት ጊዜ፣ ቶሎ ቶሎ። ለላይተር ይሄን ያህል መማል ምን ያስፈልጋል ብዬ ጥርጣሬዬ ጨመረ።

ድንች ጥብስ ሲባል ሆዴን አመመኝ እላለሁ። ልተኛ ስል ጫማዬን አደርጋለሁ። ደግሞ በየማታው የዕቃ ማጠቢያውን ሳፋ ውሃ ሞልቼ ደረጃው ስር አስቀምጥ ነበር፤ እማዬ ጠዋት ታገኘውና የማጽዳት ጨዋታ መስሏት ትደፋዋለች። አንድ ቀን ግን እማዬ ሳታየውና ሳትደፋው አባዬ ከሥራ ገባ። ኮሪደሩ ጨለማ ነው። እግሩን ሳፋው ውስጥ ዘፈቀው።

ከላይ ሆኜ ሰማሁ። መጀመሪያ የውሃው ድምፅ። ከዛ የበሩ መዘጋት።

«ከርስቲ» አለ አባዬ በቀስታ። «እስቲ ወደዚህ ነይ፣ ልዕልት።»

ወረድኩ። እማዬ ኩሽናው በር ላይ ቆማለች፤ ቅቤ የምትቀባበት ቢላ ዳቦው ላይ እንደተጋደመ ቀርቷል። አባዬ ፊቴ ቁጢጥ አለ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። ፈገግ ብሏል።

«ይሄን ውሃ ማነው ያስቀመጠው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን አስቀምጪ አለሽ? እማዬ ናት?»

ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አባዬ፣ ሽፋኖቹን ክፈታቸው። አባዬ፣ ሰኞ እንዳትተኛ። ግን የእማዬን ፊት አየሁ። እንደ ግድግዳ ነጥቷል፣ ዓይኗ እኔ ላይ ነው፣ ከንፈሯ አይንቀሳቀስም። ካወቀችብኝ ዛሬውኑ ታቃጥለዋለች ብዬ ፈራሁ።

«እሳት አደጋዎቹ ናቸው ያሉት» አልኩ። «ትምህርት ቤት መጥተው። ውሃ ይኑር ብለዋል።»

አባዬ ሳቀ። ፀጉሬን አሻሸኝ። «አየሽ? የኔ ልጅ እኮ ነገ ጄኔራል ናት!» እማዬ ደረጃው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ዕቅዷ እንዳይበላሽ ሰግታ ነው አልኩ በልቤ። እሱ ላይ እንኳ ተሳስቼ አልነበረም።

እሁድ ደረሰ። እሁድ ማታ፣ አባዬ ወደ ፈረቃው ከመሄዱ በፊት፣ ሬዲዮው የሳምንቱን የዘፈኖች ደረጃ ይናገራል፤ የኔ ሥራ ካሴት መቅዳት ነው። ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ምንጣፉ ላይ እንበረከካለሁ፤ አቅራቢው ዝም ሲል መጫን፣ ሲያወራ መልቀቅ። በዛች እሁድ ግን የሰውየውን ሳል ሁሉ ቀድቻለሁ።

አባዬ ድንገት ተነሳና መደርደሪያው ጋ ሄደ። ጣቱን በሽፋኖቹ ጀርባ ላይ ያንሸራትታል፣ ትረረረክ እያለ። ቆመ። በበረዶ የተሸፈነውን ፈረስ መዘዘ።

«ይሄን ልቅሶ እስቲ ልስማው። ምን እንደምትወጂለት ይግባኝ።»

እማዬ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ካውያው ሸሚዙ ላይ ቆመ። የጨርቅ ሽታ መጣ። ጀመረች! ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

«ግሌን፣ አንደኛው ሊነገር ነው» አለች እማዬ። «የናንተ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ።»

አባዬ ቆም አለ። ሽፋኑን በእጁ ገለባበጠው። «እሺ» አለና ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጠው። «ጠዋት ከሥራ ስመጣ፣ በጸጥታ።»

እማዬ ካውያውን አነሳች። ሸሚዙ ላይ ቡናማ የካውያ ቅርፅ ታትሞ ቀርቷል። አንደኛ ማን እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት እማዬ ዩኒፎርሜን አለበሰችኝ። በትምህርት ቤቱ መንገድ ግን አልታጠፍንም። በጓሮ በር ወደ ሞሪን ሱቅ ገባን። ሱቁ ገና ዝግ ነው፤ መስኮቱ ላይ በተለጠፉት ፖስተሮች ክፍተት አጮልቄ ሳይ ግን ሰልፉ ከበሩ ጀምሮ በደረጃው ወርዶ ገበያው ድረስ ደርሷል። ታውቂው የለ፣ አልበም ሰኞ ነው የሚወጣው፤ እነዚህ ደግሞ ከንጋት ጀምረው በዝናብ የቆሙ ናቸው። ፊት ላይ አንዲት አረንጓዴ ፀጉር ልጅ ጃንጥላና ፔርሙዝ ይዛ ቆማለች።

እማዬና አክስቴ ሞሪን የአዲሱን አልበም ካርቶኖች ይሸከማሉ። «ቫኑ መቼ ነው የሚደርሰው?» ትላለች እማዬ ስለ ዕቃ አመላላሹ። «ዱጊ ሱቅ ሊከፈት ሲል እደርሳለሁ ብሏል። ዕቃ አራግፎ ቀጥታ ወደ ሊድስ።» እኔ ሰዓቱን አያለሁ። አባዬ አሁን ገብቷል። አሁን ብስኩቱን ከኪሱ አውጥቷል። አሁን ተኝቷል። እማዬ ካውያውን ነቅላዋለች? ድንች መጥበሻውን ምድጃ ላይ ትታው ይሆን? ጭስ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም።

ጓዳው ውስጥ ስልክ አለ። ቁጥራችንን በቃሌ አውቃለሁ።

ገና አንዴ ሲጠራ ተነሳ። አባዬ አልተኛም። ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። ከትንፋሹ ጋር ሌላ ድምፅም አለ። ጠቅ። ቀጭ። ጠቅ። ቀጭ። ፕላስቲክ ሲከፈት፣ ከዛ መሬት ሲወድቅ። አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው። ቀስ ብሎ ነው የሚከፍታቸው።

«አባዬ፣ ከቤት ውጣ! ሊቃጠል ነው!»

ድምፁ ቆመ።

«ልዕልት» አለ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ። «የት ናችሁ?»

«ሱቅ ነን፣ አንተ ብቻ ውጣ፣ እባክህ ቶሎ…»

የእማዬ እጅ ከኋላዬ መጥቶ ስልኩን ዘጋው። ፊቷን ሳየው የሌላ ሰው ፊት መሰለኝ። «ምን አልሽው?»

«አባዬን እንዳታቃጥይው!» ብዬ ጮህኩ። አልቅሼ አላውቅም እንደዛ። «ሰኞ ብለሻል! ቤቱ ሲቃጠል አልበሞቹን አውጥተሻል፣ አባዬን ግን ውስጥ ትተሽዋል!»

አክስቴ ሞሪን ካርቶኑን እንደታቀፈች ቆመች። የሲጋራው አመድ ረዝሞ ረዝሞ ካርቶኑ ላይ ወደቀ። እማዬ መሬት ላይ ተንበረከከችና ጫማዬን አየች፣ ማሰሪያውን፣ አሥሬ የተቋጠረውን። ሁሉም የገባት ያኔ ነው መሰለኝ። ሳፋው፣ ክብሪቱ፣ ሆድ ቁርጠቴ። አቀፈችኝ፣ ሰውነቷ ይርዳል፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች መለየት አልቻልኩም።

«ጨዋታ እኮ ነው፣ የኔ እናት። ማንም ቤት አያቃጥልም። ጨዋታ ነው።»

«ቫኑ አልደረሰም፣ ጃኒን» አለች አክስቴ ሞሪን። «እሱ ደግሞ መኪና አለው።»

ባንኮኒው ስር ገባን፣ እኔና እማዬ። ወገቤን ይዛኛለች። አክስቴ ሞሪን የጓሮውን በር ከፍታ ትመለከታለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትመለከታለች። ከዛ አንገቴን ብቅ አድርጌ በፖስተሮቹ ክፍተት አየሁት። በደረጃው እየወጣ ነው፣ ካፖርት እንኳ አልደረበም፣ የፋብሪካውን ነጭ ልብስ እንደለበሰ። ዳነ! እሳቱ አልነካውም! ከደስታ ብዛት ልሮጥ ስል እማዬ ጠበቅ አደረገችኝ።

አባዬ ለሁሉም ፈገግ እያለ በሰልፉ ጎን አልፎ በሩ ጋ ደረሰ።

«ይቅርታ ልጆች፣ አንዴ ላሳልፍ።»

«ወዴት ነው ጋሼ?» አለች አረንጓዴዋ። «የሰልፉ ጭራ እዛ ታች ነው፣ ከዓሣ ቤቱ አጠገብ።»

«አይ፣ ልገዛ አይደለም። ሚስቴ ውስጥ ናት።»

«የኔም አያት ውስጥ ናት!» አለ ከኋላ አንዱ ቀጭን ልጅ። «የመጀመሪያውን ቅጂ ልትይዝልኝ!» ሰልፉ በሳቅ ሞተ።

«ልጄም ውስጥ ናት። ደውላልኝ ነው።»

«አባባ፣ እኔ ከንጋት ጀምሬ እዚህ ነኝ፣ ካልሲዬ ኩሬ ሆኗል። ልጅህ ትጠብቅሃለች። ወረፋህን ያዝ» አለችው አረንጓዴዋ።

አባዬ አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው። እጁን ዘርግቶ የበሩን እጀታ ያዘ። ልጅቷ ጃንጥላዋን በሩ ላይ ጋረደችው።

ያኔ ነው ያየሁት። ፈገግታው ጠፋ። ቀስ ብሎ አልጠፋም፤ መብራት እንደሚጠፋ ነው የጠፋው። ከስሩ የወጣውን ፊት ከዛ በፊት አይቼው አላውቅም። ያ ፊት ሁሌ ከሙዚቃው ስር ነበረ፣ እኔ አልጋዬ ላይ ስዘል። ጃንጥላውን ነጥቆ ጉልበቱ ላይ አጎበጠው። ጎበጠ፣ ጎበጠ፣ ቀጭ። ድምፁን አውቀዋለሁ። ባቄላዬ ላይ የተበተነው ሲዲ ድምፅ ነው።

ከዛ በኋላ እማዬን መያዝ የጀመርኩት እኔ ነኝ።

ልጅቷን ገፈተራት፣ ፔርሙዙ በደረጃው ተንከባለለ። ሰልፉ ግን፣ የኔ እህት፣ ወደፊት ተጠጋ። ክንድ ለክንድ ተያያዙ። እንደ ኳስ ሜዳ «ወ-ረ-ፋ! ወ-ረ-ፋ!» እያሉ መዝፈን ጀመሩ። እሱ ይጮሃል፣ የእማዬን ስም ይጠራል፣ የኔን ስም ይጠራል። አክስቴ ሞሪን ከጓሮ እየሮጠች መጣች፣ ሲጋራውን ተፋችው፣ አዲሱን አልበም ማጫወቻው ውስጥ ከታ ድምፁን እስከ ጥጉ ለቀቀችው። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ውጪ ያሉት ዘፈኑን ሲሰሙት አበዱ፣ በምቱ መዝለል ጀመሩ፣ ሁሉም በአንዴ፣ እግራቸው እየገጠመ። በዛ ጩኸት ውስጥ ጓሮ የቆመውን የዱጊን ሞተር ማን ይሰማዋል?

እማዬ በአንድ እጇ እኔን፣ በሌላው የጫማ ካርቶን ይዛ ወጣች። በካርቶኑ ውስጥ በወረቀት ከረጢት የታሸጉ ሲዲዎች ናቸው። ዱጊ ሳንድዊቹን ከወንበሩ ላይ አንስቶ ቦታ ሰጠን። ድልድዩን አለፍን።

«አባዬ ከእሳቱ ወጥቷል፣ አይደል?» አልኩ በመጨረሻ። ገብቶኝ ነበር እኮ፣ ግን ደግሞ አልገባኝም ነበር።

«አዎ» አለች እማዬ። «እኛም ወጥተናል።»

እነዛ ሲዲዎች እስከ ዛሬ ሊድስ ያለው ቤታችን መደርደሪያ ላይ አሉ። ሽፋን የላቸውም፣ ነጭ የወረቀት ከረጢት ብቻ። የቱ የቱ እንደሆነ እማዬ ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። አዲስ ሽፋን ልግዛልሽ ብላት እምቢ አለችኝ። ሙዚቃ ስትከፍት ድምፁን ዝቅ አድርጋ ነው፣ ጎረቤት የሚያወራው ሁሉ ይሰማል።

ዘንድሮ ትምህርት እንደጨረስኩ አክስቴ ሞሪን ሱቁን ልትዘጋው ስለሆነ ዕቃ ላግዛት ወደ ስቶክፖርት መጣሁ። እዚህ የምትሠራ ቤቭ የምትባል ጓደኛ አገኘሁ፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ግን አፏ እንደኔው ነው። ትናንት ባዶ ሽፋን ካርቶን ውስጥ እየደረደርን፣ ድሮ ፀጉሯ አረንጓዴ እንደነበር ነገረችኝ። ቀጥ ብዬ ቀረሁ። እኔ እኮ እስከ ትናንት ድረስ ሰልፉ ሁሉ የሚያውቅ ነበር የሚመስለኝ። አክስቴ ሞሪን ነግራቸው፣ እኛን ሊጠብቁ የቆሙ። ይሄን እያሰብኩ ነው እንቅልፍ ሲወስደኝ የኖረው። ሁሉንም ነገርኳት፣ ከጫማዬ እስከ ጃንጥላዋ። «ታውቂ ነበር አይደል?» አልኳት። «ማን እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

ቤቭ የያዘችውን ሽፋን ከፈተችው፣ ዘጋችው። ፊቷ ነጥቷል። የመለሰችልኝን ቃል በቃል ነው የምነግርሽ፦

«ምንም አላውቅም ነበር፣ የኔ ፍቅር። ያለ ወረፋው ሊገባ ነበር እኮ።»